ባዘቶ

ባዘቶ አልበላችም፤ ጎመኑ ጠውልጓል፤
ሁለት ቀኗ ዛሬ፤ ጆሮዋም ቀዝቅዟል።
በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ሹራቤን አልብሼ፣
ከበግ ኋላ ቆምኩኝ፣ ክሊኒኩ ደርሼ።

የመሐል ሜዳን ብርድ ካርቶን መች ሊገታው፤
ባለበጉ ሳቀ፣ ክዳኑን ስፈታው፦
«ወተት ጠብ የማይላት፣ ሥጋዋም አይበላ፤
ምን ሊያረግልህ ነው የጆሮ ዘለላ?»

ምን ልበለው? ቤቴ ጭር ካለ መንፈቁ፤
የሚያስተኛኝ ይህ ነው፦ ጥርሶቿ ሲያደቁ።

ሐኪሟ ትርንጎ ቅጹን ፈታትሻ፣
«ሌላ» ብላ ጻፈች፣ ከቅጹ መጨረሻ።
የግልገል መርፌውን ከሽፋኑ ስትመዝ፣
እጄ ከዳኝ፤ ያው ሰው መጣ፣ እግሯን ሊይዝ።

ሲነጋ ጎመኑ ዳር ዳሩ ጎድሏል፤
አይጥም ሊሆን ይችላል።

ሌላ ቅጠል ቀነጠስኩ።