ያልተቆፈረው መደብ

ነሐሴ ሲጋመስ፣ ጃፍና አሸዋ ላይ፣
ዘንባባው ፍሬውን ይጥላል ከሰማይ፤
ጓ! ይላል በሌሊት፣ ውሻ ይደነግጣል፤
የፖንናማ ፋኖስ ከደጃፍ ይወጣል።
ከፍየሎች በፊት፣ ከጎረቤት ቀድማ፣
ትለቅማለች እናቴ፣ ጆንያ ተሸክማ።

ቢጫ ሥጋው የኛ፣ ጥርስ መሐል የሚቀር፣
ለሷ ግን ጉዳይዋ ከውስጥ ያለው ዘር፤
በአንድ ፍሬ ሦስት፣ ጠጉሩ የከረደደ፣
ስንት ቢላ በላዩ ዶልዱሞ የሄደ።
ከጉድጓዱ ጥግ መደብ ሠርታ፣ አሸዋ አልብሳ፣
ትቆጥራለች ጮክ ብላ፣ ስትሳሳት ከአንድ ተመልሳ።
«አንድ ሺህ ሦስት» አለች ያን ዓመት፤ «ሦስቱ ለአይጥ፣ ለወፍ፣ ለዕጣ፤
ሺሁ ግን እራት ነው፤ እንዳትነኩት፣ ጥር እስኪመጣ።»

ጥር ላይ ይቆፈራል፤
ከየዘሩ ሥር ነጭ ሻማ ወርዶ ተተክሎ ይኖራል።
ትልጠዋለህ፣ ትቀቅለዋለህ፣ ለሁለት ትሰነጥቃለህ፤
መሐሉ ላይ ክር አለ፣ ዛፍ የመሆን ሐሳቡ፤ እሱን መዘህ ትጥላለህ፤
በኮኮናት ፍቅፋቂ፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በጨው ትበላለህ።
ከዘሩ ሆድ ነጭ ስፖንጅ፣ የልጆች ከረሜላ፣
ቅርፉ ከሰል ሆኖ የኩጋንን ሸሚዝ ይተኩሳል በኋላ።
የተረፈው ሥር ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ሲነኩት እንደ ሸክላ ይጮኻል፤
ተፈጭቶ፣ ተዘፍዝፎ፣ መራራው ውሃ ተደፍቶ ወደ ድስት ይገባል፣
ሸርጣን፣ ዓሣ፣ ሮቃ፣ ሚጥሚጣ፣ ካሳቫ ወዳለበት፤
ኩል ይሉታል ሾርባውን፤ የዓይን አይደለም፣ የአንጀት።

የጤና ጣቢያ ነርስ መጥታ ጻፈች አንድ ቀን፦ «ስታርች፣ አሰር፣ ብረት።»
እናቴ አየቻት። «ሆድ መያዙንስ፣ ልጄ፣ በየትኛው መስመር አሰፈርሽለት?»

ያን ዓመት ግን ጥቅምት ከመድፍ ጋር ደረሰ።
መንደሩ በአንድ ሌሊት ወደ መንገድ ፈሰሰ፣
ዝናቡ ከላይ፣ ሰዉ ከታች። ኩጋን የልብስ ስፌቱን መኪና ራስ ተሸከመ፤
እናቴ ከበር ተመለሰች፤ ልቤ ቀጥ ብሎ ቆመ፤
ገንዘብ የረሳች መስሎኝ።
መደቡን በእግሯ ደልድላ፣ ባልዲ ሞልታ አጠጣችው፤
በዚያ ዶፍ ዝናብ ውስጥ፣ ውሃ አጠጣችው።
«ለጥር እንደርሳለን።»

ጥር መጣ፤ ድንኳን። ጥር መጣ፤ ሌላ ድንኳን።
ዐሥራ ሰባት ጥር። የዱቄት ወረፋ ላይ ቆመን፣
ለማታውቀው ሁሉ ትነግራለች፣ ባንክ እንዳለው ሰው ኮራ ብላ፦
«ሺህ ሥር አለኝ፤ ከአፈር በታች፤ ያለኔ ማን አውቆት ሊበላ!»

ተመለስን።
ጣራ የለም፣ አጥር የለም፤ ጉድጓዱ በፍርስራሽ ታፍኗል፤
ሴላቱራይ ወጥ ቤታችን መሐል ቆሞ፣ «ድንበሩ እዚህ ነው» ብሏል።
እናቴ አልመለሰችም። ወደ ጓሮ ሄደች።
ከዚያ ጠራችን፤ ድምፅዋን እንጃ፣ የሳቀች መስሎኝ ነበር፣ ያለቀሰች።

ዘንባባ! እንደ ወረፋ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ፣
የመደቡን ወርድና ቁመት ልክ በልኩ ሞልቶ፣
ሴላቱራይ ድንበር ካለው ስምንት እርምጃ አልፎ፣ ማዶ ገብቶ።
ሰውየው አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ መንገዱን ቀጠለ።
እሷ ግን ቆጠራ ላይ ናት፤ «ስልሳ አንድ... ሌላው የታለ?»

ኩጋን መጥረቢያ ስሎ፣ «ተጣበዋል፣ እናሳሳቸው» ቢላት፣
«ያልበላሁትን አትቁረጥብኝ» አለችው፤ ነገሩ በዚያው ቀረላት።

ነሐሴ ላይ ዘር ገዛች፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በገንዘብ፤
አዲስ መደብ ሠራች፣ ከዘንባባዎቹ አጠገብ።
ታኅሣሥ እንኳ ሳያልቅ ዶማ አነሳች። «ገና ነው» አልናት።
«ጥርን አንዴ አምኜው ነበር» አለች፤ ቆፈረች።
ሥሩ ጣት አያክልም፤ ቀቀለችው።
ጨው አነሰው።
ከእጃችን ያመለጠው እራት ጥላ ሥር ተቀምጠን በላነው።