ባለ ዘጠኝ እግር ምስክር

ጋሽ ሙሄ አራጌ በባጃጅ አመጡት፣
በጋቢ ጠቅልለው፣ እንደ ታመመ ሰው ደግፈው አወረዱት።
የጦሳ ጉም ወርዶ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር
ሰው ሰውን በድምፅ የሚለይበት ማለዳ ነበር።

ስክሪኑ አረንጓዴ፣ ሆዱ የተነፋ፣
ግማሹ ቁልፍ ላይ ፊደሉ የጠፋ።
«የጌራዶ ዝናብ እዚህ ውስጥ ነው» አሉኝ፣
«የሃያ ሁለት ዓመት። በጄ ለክቼ፣ በጄ የከተትኩት። አንተ አውጣልኝ።»
ደብተሮቹን አይጥ ጨርሷቸው፣
አንዲት ብቻ ተርፋለች በብብታቸው።

ፍሎፒው ከሞተ ቆይቷል፤ ዲስኩ ያቃስታል።
ከጀርባው አንድ አፍ ብቻ ክፍት ቀርቶለታል፤
ዘጠኝ እግር ያለው፣ በሁለት ብሎን የሚታሰር፣
የዛሬ ላፕቶፕ የማያውቀው በር።
ታዲያ በመሀል አበጋር ያስፈልጋል፣
የዚያን ቃል ለዚህ የሚያደርስ፣
ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ።

የመጀመሪያውን ገመድ ከፒያሳ ገዛሁት፣
እንደ ብርጭቆ ሰማያዊ፣ በውስጡ መብራት ያለበት።
ሲብለጨለጭ ላየው የሠርግ ቤት፤
ያወጣው ግን ሁሉ የጥያቄ ምልክት።
«ፍጥነቱ ስንት ነበር?» ብላቸው፣
«ዘጠኝ ሺ ስድስት መቶ» አሉ፣ የልጅ ስም እንደተጠየቀ ሰው።
አስተካከልኩ። ድራይቨሩን ሦስቴ ጫንኩ።
ቺፑ ፎርጅድ ነው፤ ስሙ የሌላ፣ ሆዱ የሌላ፤ ወረወርኩ።

ሁለተኛው ባሰ። እሱማ ተናገረ!
ቁጥር በቁጥር ላይ እያንቆረቆረ።
ደስ ብሎኝ ሻይ አዘዝኩ፣
ኋላ ከደብተሯ ጋር ሳስተያየው ደነገጥኩ።
ሰኔ ሃያ አንድን ከነዶፉ ውጦ፣
ነሐሴን ጎርዶ ከጳጉሜ ለጥፎ፣
መብራቱን አብርቶ ዝም።
ያ የፊተኛው ይሻላል፤ እብደቱ ያስታውቃል፣ ማንም አያምነውም።
ዘጠና ዘጠኙን እውነት ነግሮ
በመቶኛው የሚዋሽ ግን፣ በምን ይያዛል?

ሦስተኛውን ኮምቦልቻ ወርጄ አገኘሁት፣
የፋብሪካ ማሽን ሲፈታ ካረጀ ሰው፣ እንድሪስ ከሚሉት።
ጥቁር፣ ከባድ፣ መልከ ጥፉ፣ መብራት የሌለው።
«አይሸጥም» አለኝ፣ «ተጠቀምና መልሰው።»
ሁለተኛ እግሩን ከሦስተኛው በብጣሽ ሽቦ አሰርኩና
ስሜን ላክሁበት፤
ስሜን መለሰልኝ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድልበት።
ሺህ ጊዜ ላክሁ። ሺህ ጊዜ ያው።

ከዚያ ሌሊቱን ላፕቶፔ ላይ ዘነበ፤
የስልሳ ሁለት ክረምት፣ የሰባ በልግ፣ በረዶው እየታጀበ፣
ጋሽ ሙሄ ወንበር ላይ ተኮራምተው፣
በየዓመቱ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ዘመድ እንደሚቆጥር ሰው።
ሰባ ስድስት ደረሰ።
የካቲት፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ።
መጋቢት፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ።
ሚያዝያ፣

ነቀልኩት። «አንተም?» አልኩት ገመዱን።
ብሎኑን አጠበቅኩ፣ ፈተሽኩ የመሬቱን ሽቦ፣ ደገምኩ መላኩን፤
ዜሮ ነጥብ ዜሮ።

ጋሽ ሙሄ ተነሥተው እጄን ያዙኝ።
«አብሽር» አሉኝ፣
«ገመዱ አልዋሸም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።
ጠዋት ጠዋት መለኪያውን ስገለብጠው
አቧራ ነበር የሚወጣው።
አለቃዬ፣ ‹ምናለ ትንሽ ነጥብ ብትጨምር?› ብሎኝ ነበር፣
‹ለሪፖርቱ እንዲያምር።›
እሷን ነው እምቢ ያልኩት።»
ከዚያ ተቀመጡ።
እኔም ሚያዝያን አስገባሁት።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ወርጄ ገመዱን መለስኩ።
«ሠራ?» አለኝ እንድሪስ።
«ሠራ» አልኩት፤
ሌላ ቃል አልጨመርኩ።