ሦስት ቁጥር

ኤንደል ከመርከብ ወርዶ ጡረታ በወጣ፣
በሁለተኛው ሳምንት ጣውላ ይዞ መጣ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞተር ያደመጠ
ጆሮው ዝም ቢልበት፣ እጁ አልተቀመጠ።
ለካ፣ ደግሞ ለካ፤ ውሃ ልክ ዘርግቶ፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምላሱን አውጥቶ።
ስድስት ቤት አቆመ ለስድስት ወይዘሮ፣
እንደ መርከብ ክፍል ቁጥሩ ተደርድሮ።
በሩን ከፈተና «ግቡ» አለ ቀና ብሎ፣
እንደ መርከብ አዛዥ ቆቡን አስተካክሎ።

ገቡ። አዩ። ወጡ።

የመጀመሪያዪቱ ከእንጨት ክምር ኋላ፣
ሁለተኛዪቱ ከጥዱ ከለላ፣
ሦስተኛዪቱማ በትራክተሩ ሆድ፣ ከባትሪው ጎን ገብታ
(ኤንደል ሞተር ሲያስነሳ አስኳል ወጣ በጭስ ፈንታ)፤
አራተኛዪቱ አጥር ተሻግራ፣ በሚልቪ ጀልባ ላይ፣
መረቡን ፍራሽ አርጋ፣ ጭራዋ ወደ ሰማይ።
የአምስተኛዪቱን ያወቅነው ዘግይቶ፣
ሳውናው ሲግል ማታ፣ ሽታው ከሥር መጥቶ።
ስድስተኛዪቱ፣ ግራጫዋ ቄብ ግን፣ ምስጢሯን ቋጥራ፣
ታስካካለች ብቻ፣ ቦታዋን ሰውራ።

ሚልቪ መጣችና፣ አጥሩን ተደግፋ፣
ግማሽ ሳቋን ውጣ፣ ግማሹን አሳልፋ፣
«ዶሮ ትእዛዝ አትሰማም፤ ሐሜት ግን ትሰማለች፤
ሌላዋ ጥላበት ካየች፣ እሷም ትጥላለች።
የውሸት እንቁላል አኑር፤ እስከ ቀትር ዝጋ፤
ብርሃኑን ጋርድበት፤ ማን ይወልዳል ገበያ መሃል፣ በተራቆተ አልጋ?»

ኤንደል አኮረፈ። ሌሊት ግን
(በሳሬማ ሌሊት በሰኔ አይመሽም)
በረንዳው ጫፍ ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ፣
የበርች ግንድ ፈልጦ፣ እንቁላል ጠረበ በልኩ አስመስሎ።
«ዶሮን ሲያታልሏት...» አልኩት ከመስኮቱ።
«ጨርሺው» አለኝ፣ ከቢላው ዓይኑን ሳያነሳ።
እኔም የድሮ ቀሚሴን፣ ሰማያዊውን፣ ቀድጄ
ስድስት መጋረጃ ሰፋሁለት በእጄ።
(ለብሼው አድንቆኝ አያውቅም፤ ሲቀደድ ግን ከፋው፤
ባል ቀሚስ የሚያየው፣ ለካ፣ መቀስ ሲያጠፋው።)

አራት ቀን እስከ ቀትር በሩን ጠረቀምነው፤
የስድባቸውን ዓይነት ለቄስ አንነግረው።
ባምስተኛው ማለዳ፣ ዝናብ እያካፋ፣
ኤንደል ሮጦ መጣ፣ ባንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ።
እጁ ላይ እንቁላል። ትኩስ። ቡናማ። ላባ የተጣበቀበት።
«ሦስት ቁጥር!» አለ፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤
ማዕበል ያላስደነገጠው ሰው በእንቁላል ቀለጠ።

በማግስቱ ሁለት። ከሦስት ቁጥር።
በሳልስቱ አምስት። አምስቱም ከሦስት ቁጥር።
የቀሩት ሳጥኖች፣ ጭዳቸው እንደተበጠረ፣
የእንጨት እንቁላል ታቅፈው ቀሩ፤ ማንም ዶሮ አልደፈረ።
ሦስት ቁጥር ደጅ ግን ሰልፍ ነው፣
ያኔ በልጅነታችን ለዳቦ እንደቆምነው፤
አንዷ ሳትነሳ ሌላዋ ከላይዋ ትቆማለች።
ግራጫዋ የለችም።

ኤንደል እንደገና ለካ። ወርዱ እኩል፣ ቁመቱ እኩል፣ ጥላውም እኩል።
ውሃ ልኩን አስቀመጠ፤ አረፋዋ መሃል ናት።
«አራት ቁጥር ምን ጎደለው?» አለኝ፣ እኔ እንደሠራሁት ሁሉ።

ዝም አልኩ።
አምና ይኸው ሰው ለእኔም ክፍል ሠርቶልኛል፤
መስኮቱ ባሕር የሚያይ፣ ወንበሩ ክንድ ያለው፣
መብራቱ እንደ አንገት የሚታጠፍ።
«ሹራብሽን እዚህ ሥሪ» ብሎኝ።
ያማረ ክፍል ነው። ሽንኩርት አደርቅበታለሁ።
ሹራቤን ዛሬም የምሠራው ከምድጃው አጠገብ፣
የጓዳው ደረጃ ላይ፣ ያለፈ ያገደመ በሚረግጠኝ ጥግ ነው።
ለምን እንደሆነ ቢጠይቀኝ አላውቅም።
ጠይቆኝም አያውቅ።

ትናንት ነጩን ክር ፍለጋ እጄን ቅርጫቱ ብሰድ፣
ሙቅ ነገር ነካሁ። ክብ።
ግራጫዋ ከደጃፉ ቆማ፣ አንገቷን አዘንብላ፣
ባንድ ዓይኗ ታየኛለች።
እኔም አየኋት።

«ስድስተኛዋስ?» ይላል ኤንደል፣ ቁጥሩ ጎድሎበት።
«እንጃ» አልኩት፤ ሹራቤን ቀጠልኩ፣ ክሩን ዘርግቼበት።