የሌሊት ቆጣሪ

ሽንብጥ ሲተኛ፣ ውሻውም ሲደክመው፣
ጓንጉል ጀልባውን በጉሮሮው ነው የሚያስነሣው።
ጎረቤት በጠዋት «ማታ እስከ የት ነዳኸው? ደቅ ደረስክ?» ሲለው
ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፤ ማንኮራፋቱን ማን ፈራው?

እኔ የምፈራው ዝም ሲል ነው።

ሐይቅ መሀል ሞተር እንደጠፋበት፣
ደረቱ ይታገላል፣ አየር የለበት፤
አፉ ከመረብ እንደወጣ ቆሮሶ ተከፍቶ።
መብራት ሄዷል፤ የግድግዳው ቆጣሪ ቆሟል፣
እኔ ግን እቆጥራለሁ።
ዐሥር።
ዐሥራ አምስት። የልጆቹን ክፍያ አሰብኩ።
ሃያ ሁለት። ግማሹን የረሳሁትን ጸሎት ጀመርኩ።
ሠላሳ።
ሠላሳ አራት ላይ በሲቃ ግው ብሎ ይመለሳል፤
እጄን ደረቱ ላይ ባኖር፣
ልቡ ከማን እንደሚሸሽ አላውቅም ነበር።

ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ይለኛል፣ ራሱን በሻሽ አስሮ፤
ስትሞት ስትነሣ እያየሁ አደርኩ፣ ልበለው?
መሪውን እንደያዘ ያንቀላፋል፤
ባለፈው ከዘጌ ሲመለስ ተሳፋሪ ነው የቀሰቀሰው።

ግፊቱም አልወርድ አለ።
አንድ ክኒን ነበር፣ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፤
ጨው ከቤቴ ተሰደደ፣
መለኪያው ግን ክንዱን አንቆ ሲለቅ፣ እንደ ዓምና እንደ ካቻምና፣
መቶ ሰባ ላይ ጸና።

አንድ ማክሰኞ ሲስተር እንጉዳይ ካርዱን ትታ
አየችኝ፤ እሱን ሳይሆን እኔን።
«ሌሊት ትንፋሹ ይቆማል?»
ሰባት ዓመት ይህን የጠየቀኝ የለም።
በመቀነት እንደቋጠርኩት ብር ቁጥሬን ፈታሁ፦
«አንዳንዴ ሠላሳ። አንድ ሌሊት አርባ አንድ።»
ጓንጉል ዞሮ አየኝ፣
የሰረቅሁት ይመስል።

እሷም ለጀልበኛ በጀልበኛ ቋንቋ፦
«እምቦጭ ሞተርህን ሲተበትበው ምን ታደርጋለህ?»
«ነዳጅ እጨምራለሁ። ይጮኻል። ይግላል።»
«ልብህም እንደዚያው። ጉሮሮህ ሲዘጋ
አየር ያጣ ደምህ ድረሱልኝ ይላል፤
ልብ ይጋልባል፣ የደም ሥር ይወጠራል።
ይህ በአንድ ሌሊት መቶ ጊዜ ነው፣ ጓንጉል።
ሲነጋ አንተ ትነሣለህ፤ ግፊቱ መቼ ተኝቶ ያውቃል?
ክኒን ቀን ያወረደውን፣ ሌሊት መልሶ ይሰቅላል።»

ማሽን አለ አሉን፣ አፍንጫ ላይ የሚታሰር፣
ጉሮሮን በአየር ከፍቶ የሚያሳድር።
ዋጋው የጀልባችን ሞተር፣ ወረፋው አዲስ አበባ፤
መብራቱስ? መብራት እኛ ሰፈር እንግዳ ነው፣
ደስ ሲለው ብቅ ይላል።

እስከዚያው በጎኑ ይተኛ ተባለ።
ከሸሚዙ ጀርባ ኪስ ሰፋሁ፣
አንድ የዘጌ ሎሚ፣ ጠንካራውን መርጬ፣ ከተትኩ።
በጀርባው ሊንጋለል ሲል ይቆረቁረዋል፤
«አንቺ ሴትዮ!» ይላል በእንቅልፍ ልቡ፣
ይዞራል።

ትናንት ዐሥራ ሁለት ድረስ ቆጠርኩ፣
ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። እኔን!
የሰባት ዓመት ዘብ ጥዬ።
ጠዋት ሸሚዙን ሳጥብ ሎሚው ፈርጦ ነበር፤
ቀኑን ሙሉ እጄ ሸተተኝ።

ግፊቱን ገና አላየነውም።
ማክሰኞ እንለካለን።