አንዴ የተነከሰ

ለገሃሬ፣ የዎርክሾፑን ቆርቆሮ ግንቦት ሲያንጣጣ፣
ክዳኑን ፈታሁት፤ የጎማው ቀለበት ሬንጅ ሆኖ ወጣ።
አራት መቶ ዲግሪ ነው የበሩ ከንፈር፤
ጎማ በምን አቅሙ ሌሊቱን ይደር?

ቴፍሎን ሰጠሁት፤ እሱም ቀልጦ ሸሸ፣
መርፌው እየወጣ፣ እየወጣ መሸ።
ግራፋይት እሳቱን ቻለው፤ ግን ትንፋሽ ያምቃል፣
እኛ የምንጠብቀው ባዶን ነው፤ ባዶ ደግሞ ትንፋሽ ያውቃል።

ሮብሌ፣ ቶርኖ ላይ ያረጀው፣ የባቡሩ ሰው፣
ከቀፊራ የገዛነውን መዳብ ቀለበት አድርጎ ቆረጠው፤
በሽቦ አንጠልጥሎ በጋዝ ነበልባል አቀላው፣
ፍም ሲመስል ባልዲ ውስጥ ነከረው።
«ብረት ቢሆን ይደርቅ ነበር» አለ፤ «መዳብ ግን በእሳት ይለሰልሳል።
ደህና ጓርኒሲዮን አይሸሽም፤ ይነከሳል፣ ይታገሳል።»

በሁለቱ ስለት መሃል አስቀመጥነው፤ ብሎኑን በሰያፍ፣ ሩብ ሩብ ዙር፤
ፓምፑ ድምፁን ለወጠ። መርፌው ወረደ፣ ወረደ፣ እስከ ዜሮ ድንበር።
አልኮል የነካ ጥጥ በዙሪያው አዞርኩ፤ ንቅንቅ አላለም።
ሌሊቱን ምድጃው ቀላ።
በሩ አልተነፈሰም።

ጠዋት ስከፍተው የስለቱ ጥርስ መዳቡ ላይ ያበራል።
«ሮብሌ፣ ለነገም ይሆናል?»
«አንዴ የተነከሰ ደግሞ አያሽግም» አለኝ፤
ከእጄ ወስዶ ግድግዳው ላይ፣ ከሚስማሩ ሰቀለልኝ።
እዚያ ከእንፋሎቱ ዘመን የቀሩ ቀለበቶች አሉ፤
ከደቻቱ በኩል ነፋስ ሲመጣ
እርስ በርስ እየተነካኩ ያቃጭላሉ።