ከአንድ እስከ አምስት

«የባለጉዳዬን ፈቃድ አከብራለሁ።»
ጥያቄ አሥራ ሁለት፤ ከአንድ እስከ አምስት አክብብ ይላል።
ሐይቅ ዘንቦባት አባርቷል፤ ከቢሮው ቆርቆሮ ጠብታ ይቆጠራል፤
እስክሪብቶዬ አምስት ጋ ደርሷል፣

ጦይባ ይመር ትዝ ባትለኝ።

ዘይት ሲታደል፣ ተራዋ ደርሶ፣
«ፎቶው ይቅርብኝ» አለች፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ።
«ያለ ፎቶ አይሰጥም» አልኳት፣ ሰልፉ እየሰማ፣
«ሪፖርት አለብን፣ እማማ።»
ሻሿን አስተካከለች። ቀና አለች።
ብልጭ።
ጀሪካኗን አንስታ መረቀችኝ፤
«አላህ ያክብርህ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ።

አምስትን ተውኩ። ሦስትን አከበብኩ፣ ሰረዝኩ።
ለሷ ቅጽ አልተባዛላት፤
ተመዛኙም እኔ፣ ሚዛኑንም የያዝኩ።
ማክበርና ማክበብ፣
አንድ ፊደል ነው የሚያራርቃቸው፤
ያቺን ፊደል ሳልሻገር
ቁጥሮቹን ስዞር መሸ።