ገጠማ

ሱቃችን በተዘረፈ በሦስተኛው ሳምንት
አባቴ ሽጉጥ ገዛ፤ ፈተናውን አልፎት፣
ከሹራቡ ሥር፣ በቀኝ ጎኑ፣ በቆዳ አፎት፣
ይኸው ስድስት ዓመት።

ማታ ሲፈታታው፣ ሲያብስ፣ ሲያሳድረው፣
እንደ ታመመ ሰዓት ጆሮ ሰጥቶ ሲያናግረው
አይቼዋለሁ። ኦሎሞውትስ ውስጥ
እንደ ኦታካር ሰዓት የሚሰማ የለም ይሉ ነበር።

ዘንድሮ ግን ዓይኑ ከዳው።
የፊቱን ብረት ሲያይ ዒላማው ይቀልጣል፣
ዒላማውን ሲይዝ ብረቱ ያመልጣል።
«የሽማግሌ ዓይን ለሁለት አይገዛም፤
ቀይ ነጥብ ልግዛለት፤ ዋጋውም አይበዛም።»
እናቴ ድራሆሚራ ደረሰኙን አየች፣
ሁለት ቀን ሙሉ ሾርባ ያለ ጨው አቆየች።

እሑድ ነው። ከደጅ ትራም ይንጋጋል።
ካዝናውን አወጣ፤ ጉሮሮውን አየ፤ ደግሞ በጣቱ ዳሰሰ፤
ባዶ መሆኑን ሦስት ጊዜ ለራሱ መለሰ።
ከተፈቱ ሰዓቶች መሀል ጨርቅ አነጠፈ፣
ከሽጉጡ ጀርባ ትንሿን ክዳን ገፈፈ፣
ቅባቱን በአልኮል ጠርጎ እስኪደርቅ ጠበቀ፣
የብሎኖቹን ጫፍ ሰማያዊ ሙጫ ውስጥ አጠለቀ።
«ብዙ ሲያጠብቁት አንገቱ ይቆረጣል፣
ላልቶ ከቀረም በሦስተኛው ተኩስ ይፈረጥጣል።»
ይህን የሚለው ለእኔ አይደለም፤ ለብሎኑ ነው።

አንዷ ከጣቱ ወደቀች። ሳቀ።
ደግሞ ወደቀች። አልሳቀም።
ከወለሉ ፈልጌ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤
የጤፍ ቅንጣት የምታህል ጥርስ
አርባ ዓመት ሙሉ ጥሎ ለማያውቅ ሰው።

ብቻ ተገጠመ። ግጥሙም ቤት መታ፤
ብረትና መስታወት፣ ፀጉር አያስገባም።

ማክሰኞ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ፣
ከድሮው ጡብ ፋብሪካ ጀርባ ባለው መተኮሻ፣
ሽጉጡን ወደ ዓይኑ አነሳ፤ መስታወቱ ባዶ።
ወደ ላይ፣ ወደ ግራ ቃኘ፤ ነጥቧ የለችም።
ቦሁስላቭ፣ የሜዳው ጠባቂ፣ ዘሩን እየፈለጠ
«አትፈልጋት» አለው። «ዓይንህ ወረቀቱን ይይ፤
እጅህ ይዟት ይምጣ።»
መጣች። አምስት ተኮሰ። ዝቅ ብሎ፣ ወደ ግራ።
ሁለት ጠቅታ አዞረ። ሌላ አምስት።
ከዚያ ዝም አለ።

«ተበላሽቷል» አለኝ።
«ነጥቧ ትንቀጠቀጣለች። የፋብሪካ እንከን ነው፤
እንመልሰዋለን። እስቲ እዪው፣ ሊቡሼ።»

ተቀበልኩት። ሁለት ዓይኔን ከፍቼ፣
አፈሙዙን ወደ ወረቀቱ።
ቀይዋ ነጥብ እዚያ አለች፤
ከትንፋሼ ጋር ትንሽ ትወጣለች፣ ትንሽ ትወርዳለች፣
አትንቀጠቀጥም።

ብረቱ ድሮም ያውቅ ነበር ማለት ነው።
ብረት ግን ምስጢር ይይዛል።

«አዎ» አልኩት። «እኔም ጋ ትንቀጠቀጣለች።»

አየኝ።
የሰው ጊዜ ሲያርም የኖረ ሰው ነው፤
መልሴ ስንት ሰከንድ እንደ ዘገየ
ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።
«እንግዲያው» አለ፣ «አንመልሰውም።»
ካዝናውን አወጣ፤ ጉሮሮውን በጣቱ ዳሰሰ፣
ሦስት ጊዜ።

ረቡዕ ጠዋት ሱቁን ስከፍት
ቀድሞኝ ገብቷል፤ ከመስኮቱ ሥር ጋዜጣ ያነባል።
በጠረጴዛው በእኔ በኩል፣ ሆዷ የተከፈተ የሴት ሰዓት፣
ማጉያው፣
ቀጭኑ ወረንጦ፣ እጀታው ወደ እኔ የዞረ።
ቀና አላለም።
የሹራቡ ቀኝ ጎን
ለጥ ብሏል።